ልጄ «እኔ አይገባኝም» ማለት ጀምሯል፤ ምን ላድርግ?

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ ነው የምጽፈው። ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። የ11 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ አምስተኛ ክፍል ነው። አምና ሐኪም አይቶት ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና ከልክ በላይ የመንቀሳቀስ ችግር) አለበት ተብሏል። ስለ ችግሩ በደንብ አስረድተውናል። መቀመጥ እንደሚከብደው፣ ነገር ቶሎ እንደሚረሳ፣ ሳያስብ እንደሚናገር ገብቶኛል። አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው።

ልጁ ራሱን እየጠላ ነው።

ሁለተኛ ክፍል እያለ «ዘንድሮ አንደኛ ነው የምወጣው» ይል ነበር፤ ውጤቱ ከመጨረሻዎቹ ሆኖ እንኳ። አሁን ደብተር ገና ሲከፍት «አይገባኝም» ይላል። ሂሳብ ይጀምርና አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ በላጲስ ይፈገፍገዋል። ከዚያ ደብተሩን ይወረውራል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ የተሰጣቸው ጊዜ ደብቆት ነበር፤ ፍራሽ ስር አገኘሁት። ከ54 ተማሪ 49ኛ ይላል። ታናሽ እህቱ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ አንድ ገጽ ከእሱ ቀድማ አንብባ ትጨርሳለች። እሷ ማንበብ ስትጀምር እሱ ተነስቶ ይወጣል።

ቤት ውስጥ ሁሉም ይናገረዋል። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት፤ «ልጅ በዱላ ነው የሚቀናው» ይላሉ። ጎረቤት «ዓይን በልቶት ነው፤ ዱዓ አስደርጊለት» ይለኛል። ዱዓውም አልቀረም፤ አልሐምዱሊላህ። አባቱ ደግሞ ውጤቱ እስኪሻሻል ኳስ ይቅር ብሏል። ልጁ ከትምህርት መልስ ከሰፈር ልጆች ጋር ይጫወታል፤ በረኛ ነው። ጎበዝ በረኛ ነው ይሉታል።

ልጠይቃችሁ የፈለግሁት ይህን ነው። «ጎበዝ ነህ እኮ» ስለው «ትዋሺያለሽ» ይለኛል፤ ታዲያ ምን ልበለው? ኤዲኤችዲ እንዳለበት ራሱ ይወቅ ወይስ እንደብቀው? ኳሱስ ይከልከል? ልምድ ያላችሁ አደራ።

መምህርት (ኮምቦልቻ)፦

አብሽሪ እህቴ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው፤ የተማርኩት ልዩ ፍላጎት ትምህርት ነው። እንደ ልጅሽ ያሉ ልጆች ከክፍሌ ጠፍተው አያውቁም። በዓለም ላይ ከ100 ልጆች 5 ገደማ ኤዲኤችዲ እንዳለባቸው ይገመታል። በልጅሽ ክፍል ውስጥ ሌላም አንድ ሁለት ልጅ ሳይኖር አይቀርም።

ከኳሱ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። አትከልክሉት። ልጅ ለራሱ ያለው ግምት አንድ ወጥ አይደለም። በትምህርቱ፣ በጓደኞቹ፣ በስፖርቱ፣ በመልኩ፣ በጠባዩ ራሱን ለየብቻ ይመዝናል። ልጅሽ በትምህርቱ ተስፋ ቆርጧል። በጠባዩም ከጠዋት እስከ ማታ ይወቀሳል። ጎል ላይ ሲቆም ግን ልጆቹ እሱን ይመርጣሉ፤ እሱ የሌለበት ቡድን ይከፋዋል። ያንን ከወሰዳችሁበት በምን ይቁም? ደግሞ «ውጤትህ እስኪሻሻል» ማለት ወራት ማለት ነው። ኤዲኤችዲ ላለበት ልጅ ሩቅ ያለ ሽልማትም ሩቅ ያለ ቅጣትም ጉልበት የለውም። ቅርብ የሆነ ነገር ነው የሚይዘው። አባቱን እንዲህ ብለሽ አስረጂው። እንዲያውም ጥናቱን ከኳስ በፊት ሳይሆን ከኳስ በኋላ አድርጉት። ሰውነቱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ረጋ ብሎ ይቀመጣል። መጀመሪያ ግን ውሃ ይጠጣ፣ መክሰስም ይብላ።

ሁለተኛ ክፍል እያለ «አንደኛ እወጣለሁ» ማለቱን ብዙ ወላጅ ይነግረኛል። ኤዲኤችዲ ያለባቸው ትንንሽ ልጆች ችሎታቸውን ከሆነው በላይ አድርገው መገመታቸው በጥናትም የተደገፈ ነው። እያደጉ ሲሄዱ፣ በተለይ ከ10 ዓመት ወዲህ፣ ልጆች ራሳቸውን ከእኩዮቻቸው ጋር አጥብቀው ማስተያየት ይጀምራሉ። ልጅሽ አሁን እዚያ ላይ ነው። አዲስ በሽታ አልመጣበትም። ቁጥሩን አንብቦ መረዳት ጀመረ፤ ያ ነው ያመመው። «ትዋሺያለሽ» የሚልሽም ለዚህ ነው። 49ኛ መውጣቱን እያወቀ «ጎበዝ ነህ» ሲባል አንቺን ማመን ያቅተዋል። ሌላ ጊዜ እውነት ስትነግሪውም እንዳያምንሽ ያደርጋል።

ስለዚህ «ጎበዝ»ን ትንሽ አሳርፊያትና ያየሽውን ንገሪው። «ሦስት ጥያቄ ሳትነሳ ሠራህ።» «እህትህ ስታቋርጥህ አልጮህክባትም።» «ዛሬ እስክሪብቶህን ይዘህ ተመለስክ።» እነዚህን ውሸት ነው ሊልሽ አይችልም፤ እሱም አይቷቸዋል። ወዲያው ነው መናገር። ማታ አባቱ ሲመጣ ማውራቱም ጥሩ ነው፤ ግን የመጀመሪያው እዚያው በደቂቃው ይሁን።

ላጲሱን ደግሞ ከእጁ አስወጪ። የምሬን ነው። እኔ ክፍል ውስጥ የተሳሳተ ቁጥር ላይ አንድ ቀጭን መስመር ይሰመራል፤ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፤ አለቀ። ላጲስ ሲይዙ አይቻቸዋለሁ። መጀመሪያ ቁጥሩን ያጠፋሉ። ጥላው ይቀራል። ጥላውን ለማጥፋት ይጫኑታል። ወረቀቱ ይሳሳል፤ ከዚያ ይበሳል። አሁን ጥፋቱ ሁለት ሆነ፤ የተሳሳተ መልስና የተቀደደ ደብተር። ቁጣው የሚመጣው ለሁለተኛው ነው። ልጁ ግን የሚያስታውሰው ሂሳብ ሲሠራ መቆጣቱን ነው። በመስመር ሲሰረዝ ስህተቱ እዚያው ይቀመጣል፤ እጁም ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ይሄዳል። ለመምህሩም ንገሪው፤ መስመሩን አይቶ «ዝርክርክ» እንዳይለው።

የክፍሉን ነገር ላንሳልሽ። አንድ ጊዜ ሌላ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ትምህርት እከታተል ነበር። አንድ ልጅ ነበር፤ ስሙ ይጠራል፣ ይጠራል። «ተቀመጥ!» «ዝም በል!» «ዞር በል ወደ ፊት!» «መጽሐፍህስ?» ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ስሙ ለመልካም ነገር አልተነሳም። መጨረሻ ላይ መምህሩ ወደ እሱ በኩል ገና ዞር ሲሉ ልጁ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ይቀብር ጀመር። ዓይኔ እንባ አቀረረ። በኋላ ከመምህሩ ጋር ተነጋገርንና አንድ ነገር ሞከርን። ደብተር ሰብሳቢው እሱ ይሁን፤ ወደ መምህራን ክፍልም እሱ ያድርስ፤ ሰሌዳም እሱ ያጥፋ። መነሳት አይደል የሚፈልገው? ይነሳ፤ ግን ለሥራ ይነሳ። ስሙም ለሥራ ይጠራ። ልጁ ቁጭ ብሎ መማር አልጀመረም፤ እንዲያ ብዬ አላታልልሽም። ነገር ግን አንገቱን መቅበር ተወ።

አንቺ ደግሞ ሱቅ አለሽ፤ ትልቅ ነገር ነው። ጨርቅ በሜትር ይለካልሽ። «ሁለት ሜትር ተኩል ስንት ይሆናል?» በይው። መልስ ይቁጠርልሽ። ሂሳብ ነው ሁሉም፤ ደብተር ላይ የሌለ ሂሳብ። ሲሳሳት ደንበኛ ፊት አታርሚው። ደንበኛው ከሄደ በኋላ አብራችሁ ድገሙት።

ስንፍና ነው ለሚሉሽ ሰዎች ይህን ንገሪ። በ2007 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተመራማሪዎች የልጆችን አንጎል በኤምአርአይ እያነሱ የአንጎላቸውን ውጫዊ ክፍል ውፍረት ተከታትለው ነበር። በሌሎቹ ልጆች ውፍረቱ ጣሪያ የሚደርሰው በአማካይ ወደ 7 ዓመት ተኩል ላይ ነው። ኤዲኤችዲ ባለባቸው ወደ 10 ዓመት ተኩል ላይ ሆነ። መዘግየቱ የጎላው ትኩረትንና እቅድን በሚመራው በፊተኛው ክፍል ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። እቃውን በመሰብሰብ፣ ሰዓት በመጠበቅና ስሜቱን በመያዝ በኩል የ11 ዓመቱን ልጅ እንደ 8 ዓመት ልጅ እርጂው። በማሰቡና በመረዳቱ ግን እንደ 11 ዓመት ልጅ አክብሪው። «ታጠብ፣ ልብስህን ቀይር፣ ደብተርህን አምጣና ና» አትበይው። አንድ ትእዛዝ፣ ዓይን ለዓይን፤ እሱ ሲያልቅ ሌላው።

ስለ መንገሩ፦ ንገሪው። ዝም ብትይም እሱ ለራሱ ምክንያት አበጅቷል፤ ደደብ ነኝ ብሎ ነው። በጸብ ሰዓት አይሁን። አብራችሁ መንገድ ስትሄዱ ይሻላል፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ መስማት ይጨንቃቸዋል። «ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ያምርሃል፤ አንዱን መርጦ ይዞ መቆየት ነው የሚከብድህ። ኤዲኤችዲ ይባላል። ብዙ ልጆች አላቸው። ለዚህ ነው ጥያቄውን ሦስት ሦስት አድርጌ የምሰጥህ» በይው። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትረሺ። ስሙን ብቻ ሰምቶ እንዳይቀር፤ ስለዚህ ምን እንደምታደርጉ አብሮ ይስማ። ማመኻኛ ያደርገዋል ብለሽም አትስጊ። የሰበረውን ብርጭቆ ያው ራሱ ይጠርጋል፤ የሰደበውን ልጅ ያው ራሱ ይቅርታ ይጠይቃል።

የደረጃው ነገር ያናድደኛል። 49ኛ ሌሎቹ ምን እንዳመጡ ነው የሚናገረው። አንቺ በየትምህርቱ ያለውን ማርክ ብቻ ወረቀት ላይ ገልብጪ። ሁለተኛው ሴሚስተር ሲመጣ ከጎኑ ጻፊ። ከራሱ ጋር ይተያይ።

የአእምሮ ጤና ነርስ (ወልዲያ)፦

መምህርት ሁሉንም ብለሽዋል፤ እግዜር ይስጥሽ። እኔ ከሕክምናው በኩል ትንሽ ልጨምር።

ኤዲኤችዲ ያለባቸው ልጆችና ወጣቶች ከሌሎቹ በበለጠ ለድብርትና ለጭንቀት ይጋለጣሉ። ስለዚህ «አይገባኝም» ከማለት አልፎ የሚወደውን ኳስ ራሱ ከተወ፣ ምግብና እንቅልፉ ከተዛባ፣ ከጓደኞቹ ከሸሸ፣ ይህም ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ሐኪሙ ዘንድ መልሽው። «ባልኖር ይሻል ነበር» ዓይነት ንግግር ከሰማሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያኑ ቀን ይዘሽው ሂጂ። «ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል» አይባልም።

መድኃኒት ታዝዞለት ከሆነ ይጠቅማል፤ አትፍሪው። ሜቲልፌኒዴት የሚባለው የምግብ ፍላጎት ሊቀንስና እንቅልፍ ሊያዛባ ስለሚችል ክብደቱና ቁመቱ ይታይለት። መድኃኒቱ ትኩረቱን ያግዛል። ለራሱ ያለውን ግምት ግን ለብቻው አያድንም። ያ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከላይ የተባለውንም ሥራ ይፈልጋል።

ሌላው፣ በኤዲኤችዲ ውስጥ የዘር ድርሻ ከፍተኛ ነው። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ከ70 እስከ 80 በመቶው ከዘር ጋር የተያያዘ ነው ይላሉ። በአስተዳደግ ጉድለት የሚመጣ አይደለም። ራስሽን አትውቀሺ።

የሐይቅ ልጅ፦

እትዬ ሰላም ነዎት? እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ያደግሁት ሐይቅ ነው። ኤዲኤችዲ እንዳለብኝ ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ልጅዎ የሚሰማውን አውቀዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። «ብትፈልግ እኮ ትችላለህ» አይበሉት። ለማበረታታት ነው የሚባለው፤ አውቃለሁ። እኔን ግን ከስድብ በላይ የጎዳኝ እሱ ነው። እፈልግ ነበር። በጣም እፈልግ ነበር። ማታ «ነገ ዝም ብዬ እሰማለሁ» ብዬ ለራሴ ምዬ እተኛለሁ። በነጋታው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ መስኮት በኩል ሄጃለሁ። «ብትፈልግ ትችላለህ» ሲሉኝ፣ ካልቻልኩ አልፈለግሁም ማለት ነው፤ ስለዚህ መጥፎ ልጅ ነኝ። እንደዚያ ነበር የማስበው። «ከበደህ አይደል? የቱ ጋ ነው የያዘህ?» ቢሉኝ ግን እናገር ነበር።

የተረፍኩት በአጎቴ ነው። ባጃጅ ይጠግናል። ክረምት ሲመጣ እሱ ጋ እውላለሁ። መጀመሪያ ብሎን ስፈታ የፈታሁትን እረሳና እጠፋ ነበር። አጎቴ አልተቆጣኝም። መሬት ላይ ጨርቅ አነጠፈና «በፈታህበት ተራ ደርድራቸው፤ ከግራ ጀምር። ስትገጥም ከቀኝ ጀምረህ ተመለስ» አለኝ። በቃ። የመጀመሪያውን ካርቡሬተር ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ገጥሜ ባጃጁ ሲነሳ ማንም አላጨበጨበልኝም። አጎቴ «እዚያኛውን ደግሞ አምጣ» ነው ያለኝ። የዚያን ቀን የተሰማኝን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አሁንም ስማር እንደዚያው ነው የማደርገው። ትልቁን ምዕራፍ በትንንሽ ወረቀት ቆራርጬ ከግራ ወደ ቀኝ እደረድራለሁ። ልጅዎ ኳሱን አይከልከል። ከኳሱ ሌላም እጁ የሚሠራው ነገር ይፈልጉለት።

እናት (መርሳ)፦

የእኔዋ ሴት ናት፤ 13 ዓመቷ ነው። አትረብሽም፣ አትሮጥም። መምህራን «ጨዋ ናት» ነው የሚሉኝ። ግን ሐሳቧ እዚያ የለም። የቤት ሥራ ሠርታ ማስረከብ ትረሳለች። «እኔ ከሰው በታች ነኝ» ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ አየሁ። እሷም ይህ ይኖርባት ይሆን?

መምህርት (ኮምቦልቻ)፦

ሊሆን ይችላል እህቴ፤ አስመርምሪያት። ኤዲኤችዲ መሯሯጥ ብቻ አይደለም። ትኩረት ማጣቱ ብቻ የሚጎላበት ዓይነት አለ፤ ኤዲኤችዲ ባለባቸው ሴቶች ልጆች ላይ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። ስለማይረብሹ ማንም አያያቸውም። ወንዱ ሲወቀስ ቢያንስ ሰው ያየዋል፤ እሷ ግን ብቻዋን ራሷን ስትወቅስ ትከርማለች። ሐኪሙ ምልክቱ ከ12 ዓመቷ በፊት ነበር ወይ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም ይታያል ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። የድሮ ደብተሮቿንና ካርዶቿን ይዘሽ ሂጂ። የጻፈችውንም ንገሪው፤ ማስታወሻዋን ግን አንቺ እንዳነበብሽው ቀስ ብለሽ፣ ሳትቆጪ ንገሪያት። ነርሷ ከላይ የጻፈችውንም ልብ በይ።

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)፦

አላህ ይስጣችሁ። አንድ በአንድ ለባለቤቴ አነበብኩለት። ኳሱን መልሶለታል። ላጲሱንም አንስቻለሁ፤ መጀመሪያ ጮኸ፣ አሁን በመስመር እየሰረዘ ነው። ሱቅ ውስጥ ደግሞ አቡጀዲ ሲለካ ብታዩት! ምላሱን ወጣ አድርጎ፣ ሜትሩን ወጥሮ። አንዲት ደንበኛ ጨርቁን አስቀድማ ልትጎትት ስትል «ቆይ፣ ገና ነው» አላት።

ያቃተኝ አማቴ ናቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ምን ብዬ ልናገራቸው? ዱላው ይቅር ስል «እኛስ በምን አደግን?» ይሉኛል። ትምህርት ቤትም አንዳንድ መምህር በአለንጋ ሸንቆጥ ያደርጋቸዋል።

መምህርት (ኮምቦልቻ)፦

የትምህርት ቤቱን በተመለከተ አትለሳለሺ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በጨዋ ደንብ፣ ግን በግልጽ ለርዕሰ መምህሩ ንገሪ።

አማትሽን ግን በሕግም በጥናትም አትከራከሪያቸው። ጠይቂያቸው። ቡና ላይ፣ ሁለተኛው ሲቀዳ፣ «እማማ፣ የልጄ አባት በዚህ ዕድሜው እንዴት ያለ ነበር?» በያቸው። ነርሷ በዘር ይመጣል ብላ የለ? አንዳንዴ አያት ናት የምታውቀው። ከዚያ ሥራ ስጫቸው። ከትምህርት ሲመጣ መክሰሱን የሚሰጡት፣ ስለ ኳሱ የሚጠይቁት እሳቸው ይሁኑ። ስለ ደብተሩ ግን አይጠይቁት። ያንን ላንቺ ይተዉልሽ።

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)፦

ጠየቅኳቸው! «አባቱማ ፍየል እንዲጠብቅ ልከነው ፍየሎቹ ብቻቸውን ይመጡ ነበር» አሉኝ። ልጁም አጠገባቸው ነበር። «ከዚያስ? ተገረፈ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ተገረፈ እንጂ» አሉት። «ከዚያ በኋላ አልጠፉም?» አላቸው። ትንሽ ዝም ብለው «በማግስቱም ብቻቸውን መጡ» አሉት። ስለ ዱላው ከዚያ ወዲህ አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም።

ሰኞ የክፍሉን ኃላፊ መምህር ላናግር ነው፤ ስለ ደብተር መሰብሰቡና ስለ መስመሩ። ምን ይዤ ልሂድ?

መምህርት (ኮምቦልቻ)፦

ከሰልፍ በፊት ድረሺ፤ ከሰልፍ በኋላ መምህር ጊዜ የለውም። ካርዱን ተይው። በመስመር የሰረዘበትን የሂሳብ ደብተር ይዘሽ ሂጂና እሱን አሳዪ። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂ፤ ፊት ወንበር ላይ እንዲቀመጥና ደብተር ሰብሳቢ እንዲሆን። ሌላውን በሚቀጥለው ወር።